«ቻይው» የምንለው ለማን ነው?

(በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ የዕድሩ አባል ሳትሆኑም ዛሬ አክብራችሁን የመጣችሁ ተከራይ ጎረቤቶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሰብሳቢያችን ስለ መቻቻል እንድናገር ጋብዘውኛል። ስለ መቻቻል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ትልልቁ ነገር ይሄዳል፤ ወደ ብሔር፣ ወደ ሃይማኖት፣ ወደ አገር። እነዚህ ቀላል ናቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን እኔ በድሮው ሰፈራችን በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ከመጣን ወዲህም ሽምግልና ስጠራ አልቀርም። ያየሁት ጠብ አብዛኛው የተነሳው ደረጃ ላይ ከፈሰሰ ውሃ፣ ከተሰጣ ልብስ፣ ከልጆች ጨዋታ፣ ከመኪና ማቆሚያ ነው። ዘርና ሃይማኖት የሚገባው ዘግይቶ ነው። ሁለት ሰዎች በቆሻሻ ማስቀመጫ ተኳርፈው ወራት ከቆዩ በኋላ፣ አንድ ቀን አንደኛው ንዴቱ ሲብስበት የሌላውን ወገን አንስቶ ይሳደባል። ከዚያ በኋላ ጠቡ የሁለቱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ደረጃው፣ ስለ ቧንቧውና ስለ ሙቀጫው ባወራ ነገሩን አሳነስከው አትበሉኝ። ትልቁ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

እዚህ ካለነው ማንም ጎረቤቱን መርጦ አልመጣም። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዓመታት የጠበቀ አለ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደገና ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነበር የተመዘገበው፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ሃያ ከመቶውን ቆጥቦ፣ ሰማንያ ከመቶውን ከባንክ ተበድሮ፣ ዕጣ ወጥቶለት እልል የተባለለት አለ። የባለ ዕጣውን ቤት ተከራይቶ የሚኖረውም ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ከመሀል ከተማ በልማት ተነሥቶ ወደ ዳር የመጣም አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲነሳ ስንት ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራ እንደሄደ ሁላችንም አይተናል። ዕጣው የብሎክና የቤት ቁጥር ሰጠን። ከግድግዳው ወዲያ ማን እንዳለ ግን ያወቅነው ዕቃ ስናወጣ ነው።

ብዙ ሰው «በድሮው ሰፈር ፍቅር ነበር፣ ኮንዶሚኒየም አለያየን» ሲል እሰማለሁ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ እኛ ባለንበት አንድ ግቢ ውስጥ በርካታ አባወራ ነበር የሚኖረው። ሽንት ቤቱ አንድ፣ የመብራት ቆጣሪው አንድ፣ ውሃው መንገድ ዳር ካለ ቦኖ ነው። ያ ሁሉ ሰው ሁልጊዜ የሚዋደድ ሰው አልነበረም። በሽንት ቤት ጽዳት ይጣላል፤ በመብራት ሒሳብ ይጣላል። የነበረው ግን ደንብ ነው። ሽንት ቤቱን ዛሬ ማን እንደሚያጸዳ ይታወቃል። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ አምፖል ይቆጠራል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ካውያ ያለው ጨምሮ ይከፍላል። ይህንን ማንም ወረቀት ላይ አልጻፈውም፤ የግቢው እናቶች ቡና ላይ ተነጋግረው የቆረጡት ነው። ሳይፋቀሩም አብረው መኖር የቻሉት ለዚህ ነው። ፍቅር ሲመጣ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ፍቅር እስኪመጣ ድረስ ውሃ መቅዳትና ቆሻሻ ማውጣት አለብን።

ሕጉም ቢሆን ይህን ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ላይ ባለ ንብረት ጎረቤቱን ማስቸገር እንደሌለበት ይናገራል፤ ጭሱን፣ ጥላሸቱን፣ መጥፎ ሽታውን፣ ድምፁንና ንዝረቱን እያነሳ። ነገር ግን ጭስ ሁሉ ክልክል ነው፣ ድምፅ ሁሉ ክልክል ነው አይልም። የሚከለክለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈውን ነው። ልኩን ለማወቅ ደግሞ የአካባቢውን ልማድና የቦታውን ሁኔታ ማየት ያስፈልጋል ይላል። እኔ ይህን አንቀጽ ባነበብኩ ቁጥር ያስደንቀኛል። ያ ሕግ ሲወጣ እኛ እንደምናውቀው ያለ ኮንዶሚኒየም አልነበረም፤ ግን ዛሬ አንደኛ ፎቅና ሁለተኛ ፎቅ የሚጣሉበትን ነገር አስቀድሞ ያየው ይመስላል። ከልክ በታች ያለውን ትችላለህ፤ ከልክ በላይ ያለውን መቻል የለብህም። ልኩ የት ላይ ነው የሚለውን ግን ሕግ ቤታችን ድረስ መጥቶ አይነግረንም። ያንን የምንነጋገርበት እኛው ነን። በ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370ም የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው፣ ደንብ አውጥተው የጋራውን አብረው እንዲያስተዳድሩ ያዘዘው ለዚሁ ይመስለኛል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለቤቶቹ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንና ብሎካቸውን ግን አልጠራም።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ነርስ ትኖራለች። ከአዳር ስትመለስ ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትተኛለች። ከላይዋ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ እናት አሉ። እሳቸው ደግሞ አራት ሰዓት ሲሆን ቡናቸውን ቆልተው በሙቀጫ ይወቅጣሉ። ሙቀጫው የእናታቸው ነው፤ ከገጠር ይዘውት የመጡት ከባድ የወይራ ሙቀጫ ነው። ወለሉ ላይ በቀጥታ ነው የሚቀመጠው። ዘነዘናው በወረደ ቁጥር ታች ያለችው ልጅ ጣሪያዋ ጭንቅላቷ ላይ የሚወርድ ይመስላታል።

ነርሷ ምን አደረገች? ቻለች። «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ብዬ እናገራለሁ» ብላ ስድስት ወር ያህል ዝም አለች። ጆሮዋ ላይ ትራስ እየጫነች ተኛች። ከዚያ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ስልኳን ታያለች። እሳቸው «ይህች ልጅ ምን አደረግኳት? ኩሩ ናት» አሉ። ቀጥሎ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ትደበድብ ጀመር። እሳቸውም ተናደዱ፤ «ቤቴ ውስጥ ቡና እንዳልወቅጥ ልትከለክለኝ ነው?» ብለው፣ ዕውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠንከር አድርገው ነበር የሚወቅጡት። የእሳቸው የልጅ ልጅና የነርሷ ልጅ አብረው መጫወት አቆሙ። ነገሩ እኛ ዘንድ ሲደርስ የቀረበው አቤቱታ ስለ ቡና አልነበረም፤ «ሰደበችኝ»፣ «ናቁኝ» የሚል ነበር።

እኛም ስንሰማ ውለን ወደ ሥሩ ስንወርድ ሙቀጫው ጋ ደረስን። እናትየው ምን አሉ መሰላችሁ? «አዳር ሠራተኛ መሆኗን ማን ነገረኝ? ቀን የምትተኛ ሰው ከታቼ እንዳለ በምን አውቃለሁ?» እንባቸው መጣ። ነርሷም አለቀሰች። የተስማሙበት ነገር ከአምስት ደቂቃ በላይ አልወሰደም። ሙቀጫው ሥር ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ቁራጭና የታጠፈ ብርድ ልብስ ገባ። አዳር ባለባት ሳምንት ደግሞ ነርሷ የተራዋን ቀኖች በልጇ ትልክላቸዋለች፤ በእነዚያ ቀኖች እሳቸው ሙቀጫውን ይዘው ወደ ጋራ መገልገያው ሕንፃ ይወርዳሉ፣ ወይም ቡናውን ከሰዓት ያደርጉታል። ቀሪው ድምፅ አለ፤ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ያንን ነርሷ ትችለዋለች። አሁን የምትችለው ግን ምን እንደሆነና እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቃ ነው።

እንግዲህ በስድስቱ ወር ዝምታና አሁን ባለው መካከል ያለው ልዩነት ነው ዛሬ እንድታስቡት የምፈልገው። ያ ዝምታ ከውጭ ሲታይ ትልቅ ትዕግሥት ነበር። እኛም ብንጠየቅ «ጨዋ ልጅ ናት» እንል ነበር። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቀመጥን እንደ ጨዋነት ነው ያደግንበት። ሆድ ግን አይፈጀውም፤ ያጠራቅመዋል። ሰው በየቀኑ እየዋጠ የሚሰበስበው ነገር አንድ ቀን ሲወጣ፣ ከመጀመሪያው ምክንያት ጋር በማይመጣጠን ኃይል ነው የሚወጣው። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚሉት አባቶች ይህን አይተው ነው። ነገሩን ገና ትንሽ ሳለ፣ በደህና ቃል፣ ለራሱ ለሰውየው መናገር የመቻቻል ግማሹ ነው እላለሁ። የማይነግርህ ጎረቤት ችሎህ ሳይሆን ተስፋ ቆርጦብህ ሊሆን ይችላል።

አነጋገሩም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በር አንኳኩቶ፣ ባዶ እጅ ባይሆን ደስ ይላል፣ «እማማ፣ ላስቸግርዎ ነው» ብሎ መጀመር ሌላ ነው፤ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ «አንዳንድ ሥርዓት የሌላቸው ሰዎች» ብሎ መጻፍ ሌላ ነው። የብሎካችን ግሩፕ ለመብራትና ለውሃ ወሬ ብዙ ጠቅሞናል። ለጉርብትና ቅሬታ ግን በፍጹም አይሆንም። ሰው በአደባባይ ሲነካ ጥፋቱን ቢያውቅ እንኳን ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሽማግሌዎች ተቀምጠን ሁለት ሰዎች ሲቀርቡልን በጣም የምንወደው አነጋገር አለ፤ «አንቺም ተይ፣ አንተም ተው»። ለማስታረቅ ይመቻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቡና ይፈላል። ግን ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም። አንዱ የወሰደ፣ ሌላው የተወሰደበት ከሆነ እኩል «ተዉ» ማለት ለወሳጁ መፍረድ ነው። ከዚህ የባሰውም አለ። «ቻል»፣ «ቻይው» የሚለውን ምክር ለማን እንደምንሰጥ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ለባል ነው ለሚስት? ለአማት ነው ለምራት? ለቤት ባለቤት ነው ለተከራይ? ለአሠሪዋ ነው ለሠራተኛዋ? እኔ ባለኝ ትዝታ ሁሉ ምክሩ የሚሄደው አቅም ወደሌለው ነው። ኃይለኛውን «ቻል» ብንለው እንደማይሰማን ስለምናውቅ፣ የሚሰማንን ሰው እንጫነዋለን። ከዚያ ሰፈሩ ሰላም ነው እንላለን። ሰላሙን የተሸከመችው አንዲት ሴት ናት።

ውሃውን ውሰዱ። እዚህ ዳር ላይ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ምድር ቤት ያለው ቧንቧውን ሲከፍት ይቀዳል። አራተኛ ፎቅ ያለው ግን ኃይሉ ስለማይደርስለት እስኪነጋ ጀሪካን ይዞ ይጠብቃል። ታች ያለው መስመሩ ላይ ፓምፕ ቢገጥም ደግሞ ለላዩ ጭራሽ ጠብታም አይደርስም። በአንድ ብሎክ ይህ ሆኖ፣ ላይ ያሉት «ምን ይደረግ፣ ቻሉ፣ የመንግሥት ችግር ነው» ተብለው ነበር። የመንግሥት ችግር መሆኑ እውነት ነው። ግን ያለችውን ውሃ መካፈል የእኛ ነው። በኋላ ተነጋግረው ፓምፑ ከመስመሩ ላይ ተነሳ፤ ከወርሃዊ መዋጮው የጋራ ሮቶ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ፤ ውሃ በመጣ ሌሊት መጀመሪያ እሱ ይሞላል፣ ከዚያ ሁሉም በተራው ይቀዳል። ምድር ቤት ያሉት ከድሮው ያነሰ ነው የሚያገኙት። እነሱ ናቸው የቻሉት። እንዲህ ሲሆን ነው መቻቻል የምለው፤ ምቾት ያለው ሰው ከምቾቱ ቆርሶ ሲተው።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ድብደባ በመቻቻል ውስጥ አይገባም። ከግድግዳ ወዲያ ሴት ስትጮህ እየሰማን «የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለን የቴሌቪዥን ድምፅ የምንጨምር ከሆነ፣ ያ ጉርብትና አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ወይም እንደ ባልና ሚስት አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል። ወንጀልን ሽማግሌ አያስታርቀውም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የዕድራችን ሽማግሌዎች «ለልጆችሽ ስትይ» የሚለውን ምክር እንዲተዉት በሙሉ ልቤ እለምናለሁ። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ድንኳን መትከልና ንፍሮ መቀቀል አያጸድቀንም።

ዩኔስኮ በ1988 ዓ.ም. ያወጣው የመቻቻል መርሆዎች መግለጫ አለ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ የሚከበረው የመቻቻል ቀንም የመጣው ከእሱ ነው። እዚያም ላይ የተጻፈው ይህ ነው፤ መቻቻል ከላይ ሆኖ ለሌላው ማዘን ወይም ያየኸውን ጥፋት እሺ ብሎ ማለፍ እንዳልሆነ፣ የሌላውን ሰብአዊ መብት ከማክበር ተነጥሎ እንደማይታይ ነው።

የጠብ ወሬ ብቻ አወራሁባችሁ። በደንብ የምንሠራውም አለ፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ልብ ያላለው ትልቅ ነገር አለን። የሰርግና የለቅሶ ወጥ ቤታችንን እዩ።

ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ይህ ከጥንት የመጣ ነው፤ ማንም ማንንም አሳምኖ አላስተወውም፤ ማስተውም የለበትም። ታዲያ ሰርግ ሲሆን ምን እናደርጋለን? ለሙስሊም እንግዶች ሌላ ከብት ይገዛል፤ ሙስሊም አራጅ ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል፤ ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ትሪው ለብቻ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ደግሞ የጾሙ ወጥ ሦስተኛ ሆኖ ይሠራል። በዕድራችን ዕቃ ቤት ያሉትን ትልልቅ ድስቶች ያየ ሰው እጀታቸው ላይ ቀለም የተቀባ እንዳለ ያውቃል፤ አረንጓዴው የሙስሊሞቹ ነው። ማንም ያንን ቀለም አይቶ ተለየሁ ብሎ አያውቅም። ድስቱ የተገዛው በምንድን ነው? በሁላችን መዋጮ ነው። ክርስቲያኑ አባል የማይበላበትን ድስት ገንዘብ አዋጥቶ ገዝቷል፤ ሙስሊሙ አባልም እንዲሁ። ልዩነታችንን ለማክበር የሚወጣውን ወጪ ሁላችን በእኩል ከፈልነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን እንዲችለው አላደረግንም። ይህን ያሰቡት የዕድር መሥራቾች መግለጫ አላወጡም። ድስት ገዙ።

በ2017 ዓ.ም. የሆነውን ደግሞ ታስታውሳላችሁ። ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገባ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ማለት ነው። እኛ ብሎክ ላይ የጠዋቱ ቡና በሙሉ ወደ ማታ ተዛወረ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ካፈጠሩ በኋላ ነበር ረከቦቱ የሚቀርበው። አንዲት እናት በየማታው ሳንቡሳ ትጠብሳለች፤ በሌላ ጊዜ ሥጋ የምታገባበት ነበር። ያን ወር ግን ምስር ብቻ አደረገችው፣ «ጾመኛ ጎረቤቶቼ እያሉ እንዴት እኔ ብቻዬን እበላለሁ» ብላ። በዘይት ነው የምትጠብሰው፤ ቅቤ እንዳይነካው ብላ መጥበሻውን ለይታ አስቀምጣ ነበር። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የእሷ ልጆች ዳቦ እየተቆረሰላቸው በየቤቱ ሲዞሩ አይተናል። ያቺ ሴት የማንንም ሃይማኖት አልወሰደችም፤ የራሷንም አልሰጠችም።

የድምፅ ማጉያ ነገርም መነሳቱ አይቀርም። ሌሊት ቅዳሴው፣ ማኅሌቱ፣ ንጋት ላይ አዛኑ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የጸሎት ቤቶቹ መዝሙር። ይህ ለብዙዎቻችን ሕይወት ነው፤ ሕፃን ላስተኛች እናትና ለታማሚ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። የሌላውን ማጉያ ብቻ የሚሰማ ጆሮ ይዘን ግን መነጋገር አንችልም። መጀመሪያ ሰው ስለ ራሱ ቤተ እምነት ድምፅ ከራሱ አስተዳዳሪዎች ጋር ይነጋገር፤ ወደ ሌላው በር የሚሄድ ከዚያ በኋላ ይሂድ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ብወርድ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። ይህ ሰፈር የቆመበት መሬት የእርሻ መሬት ነበር። እኛ ዕጣ ወጥቶልን እልል ስንል፣ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት የነበረ ገበሬ ካሳ ተሰጥቶት ከእርሻው ተነሥቷል። አንዳንዱ ዛሬ ከመካከላችን ነው፤ ጥበቃ ሆኖ፣ የቀን ሥራ እየሠራ፣ ወተት እያመጣልን። ስለ መቻቻል ስናወራ መጀመሪያ የቻለው እሱ ነው። ታዲያ ወተት የምታመጣልንን እናት በአፋን ኦሮሞ ስታናግረን ፊት ማጥቆር ምን የሚሉት ነው? ስንቶቻችን ነን ይህን ያህል ዓመት እዚህ ኖረን ሰላምታውን እንኳን ያልተማርን? «አካም ቡልተን» ማለት ምን ያስከፍላል? በእኛና በአካባቢው ነዋሪ መካከል በግጦሽና በመንገድ ጉዳይ ችግር በተነሣ ጊዜ ነገሩን ያበረዱት የእነሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በጃርሱማ ሥርዓት፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው፣ ተናጋሪውን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻ ሰምተው። እኛ ስብሰባ ላይ ሰው ሦስት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር እጅ እናወጣለን። ከእነሱ የምንማረው ነገር አለ። በእኛም ስብሰባ አንድ አዛውንት በቋንቋቸው ሊናገሩ ሲነሡ፣ እስኪተረጎም መጠበቅ አቅቶን ወሬ መጀመር መቅረት አለበት።

ወደ ተግባሩ ልለፍ፤ ደንቡን የሚያሻሽለው ኮሚቴ ረቂቁን እያዘጋጀ ነውና ያሰብኩትን ላስቀምጥለት።

የመጀመሪያው የተከራዮች ነገር ነው። አሁን ባለው ልማድ ዕድር የባለቤት ነው። ተከራይ ለቅሶ ሲደርስበት ጎረቤት በግሉ ይረዳዋል እንጂ ድንኳኑ በመብት አይተከልለትም። ጽዳትና ጥበቃ ግን ከእኛ እኩል ይከፍላል፤ «ተከራይ ነህ፣ ነገ ትሄዳለህ» እየተባለም በማንኛውም ክርክር እንዲችል የሚመከረው እሱ ነው። ስለዚህ ተከራይም የዕድሩ አባል ይሁን እላለሁ። የመግቢያው ገንዘብ ለአዲስ ሰው ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ በየወሩ እየተከፋፈለ እንዲከፍል ቢደረግ ካዝናው አይጎዳም። የሄደም እንደሆነ ላልሄደ ጎረቤቱ የከፈለው ነው።

ሁለተኛው የሽማግሌዎቹ ነው። ያሉን አስታራቂዎች ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም የቤት ባለቤቶች ናቸው። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ወጥ ቤቱን፣ ውሃውን፣ ሙቀጫውን፣ የልጆቹን ጠብ በቅርብ የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ ደግሞ ተከራይ ይሁን እላለሁ።

ሌላው፣ ማንም ሰው ቅሬታውን ወደ ሽማግሌ ከማምጣቱ በፊት ለራሱ ለጎረቤቱ በአካል መናገሩ ይጠየቅ። ነግሮት ካልሰማው ይምጣ። ጎረቤቱን ለብቻው ማናገር የሚያስፈራው ሰው ካለ ደግሞ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ከሽማግሌዎቹ አንዷ አብራት ትሂድ። ድብደባ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ፖሊስና ወደ ወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት የሚያደርስ ሰው ዕድሩ ይመድብ።

የመውቀጫውን ሰዓት ጉዳይ ደንብ ውስጥ ማስገባት የለብንም። ብሎክ ከብሎክ ይለያያል፤ አንዱ ጋ አዳሪ አለ፣ አንዱ ጋ አራስ አለች። ያንን በየደረጃው ያሉት ቤቶች ይነጋገሩበት። የበርበሬና የሽሮ ዝግጅት ግን የጋራ መገልገያው ሕንፃ ውስጥ ይሁን፤ ሕንፃው የተሠራው ለዚያ ነው፣ አሁን ግን ግማሹ የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ሆኗል። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ዕቃው እንዲወጣና እንዲጸዳ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ስሙን በጸሐፊያችን በኩል ያስመዝግብ፤ ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው።